የኤችፒኤልሲ ኮለም አጠቃቀምና እንክብካቤ፦ ከማሸጊያው እስከ ጡረታው

በኤችፒኤልሲ ማሽን (ፈሳሽን በከፍተኛ ግፊት እያሳለፈ በናሙና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን በሚለይ መሣሪያ) ውስጥ ፓምፑ ይገፋል፣ ዲቴክተሩ ያያል፤ አንዱን ንጥረ ነገር ከሌላው የሚለየው ግን ኮለሙ ነው። ከማሽኑ ክፍሎች ቶሎ ከሚያልቁት አንዱም እሱ ነው። እኛ አገር ኮለም የሚመጣው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አንዱ ሲበላሽ ሌላ እስኪገባ ድረስ የመድኃኒት ጥራት ምርመራውም፣ የተማሪው የመመረቂያ ጥናትም፣ የምግብ ናሙናውም ቆሞ ይጠብቃል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ኮለም በእጃቸው ለሚገባ ሁሉ ነው፤ ይልቁንም ለአዳዲስ ቴክኒሻኖችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች።

የማወራው በላቦራቶሪዎቻችን በብዛት ስለሚገኘው ስለ ሲ18 ኮለም ነው፦ ርዝመቱ 250 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 4.6 ሚሊ ሜትር፣ የቅንጣቱ መጠን 5 ማይክሮን። በብረቱ ቱቦ ውስጥ የሲሊካ ቅንጣቶች ጥቅጥቅ ብለው ታሽገዋል። በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ተያይዟል። ቅንጣቶቹ እንዳይወጡ በሁለቱም ጫፍ ፍሪት የሚባል የብረት ወንፊት አለ፤ ቀዳዳው 2 ማይክሮን ገደማ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ በራሱ ጊዜ አርጅቶ የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው። ወይ ፍሪቱ በቆሻሻና በጨው ይደፈናል፣ ወይ ሲሊካው በፒኤች ይበላል፣ ወይ የታሸገው ቅንጣት በግፊት ድንጋጤ ቦታውን ይለቃል፣ ወይ ከናሙናው የመጣ ቅባትና ፕሮቲን ይለጠፍበታል። በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ኮለም የሚገድለው ጨው ነው። ጉዳቱም የሚደርሰው በዋናው ሥራ ላይ ሳይሆን ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲቸኩል፣ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ክፍሎች አንዱን ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ስለ ማታ እጥበት የሚለውን ያንብብ።

1. አዲስ ኮለም ሲመጣ

ካርቶኑን ስትከፍቱ ከኮለሙ ጋር የምርመራ ሰርተፍኬትና አምራቹ ራሱ ያወጣው ክሮማቶግራም (የማሽኑ የውጤት ሥዕል) ታገኛላችሁ። አትጣሉት፤ ኮለሙ ሲወለድ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግራችሁ ሌላ ወረቀት የለም። ቀጥላችሁ መመሪያውን አንብባችሁ አራት ነገር በመዝገብ ላይ ጻፉ፦ የሚችለው የፒኤች ክልል፣ ከፍተኛ ግፊት፣ ከፍተኛ ሙቀትና የታሸገበት ፈሳሽ። ለተራ ሲ18 ፒኤች ከ2 እስከ 8 ነው። ከ2 በታች ሰንሰለቱ ከሲሊካው ይገነጠላል፤ ከ8 በላይ ራሱ ሲሊካው መሟሟት ይጀምራል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ 400 ባር አካባቢ ላይ ይቆማል። ማሽናችሁ የሚያሳየው በፒኤስአይ ከሆነ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ለእያንዳንዱ ኮለም የራሱ ገጽ ይኑረው፦ መለያ ቁጥሩ፣ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የሚሠራበት ዘዴ፣ የየቀኑ መነሻ ግፊት፣ የኢንጀክሽን (የተወጋ ናሙና) ብዛት፣ የመጨረሻው እጥበት፣ የሠራው ሰው ስም። ከአንድ ማሽን ጀርባ ብዙ ሰው በሚሠራበት ላቦራቶሪ ይህ ገጽ ከሌለ ኮለሙን ማን በምን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ አይገኝም።

ከተቻለ አንድ ኮለም ለአንድ ዘዴ ብቻ ይሁን። በተለይ እንደ ኦክቴን ሰልፎኔት ያለ አዮን ፔር (ቻርጅ ካለው ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ ኮለሙ ላይ እንዲያዝ የሚያደርግ ኬሚካል) የገባበትን ኮለም ለሌላ ሥራ አትመልሱት። ምንም ያህል ብታጥቡት ጥቂቱ ውስጥ ይቀራል፤ የሌላውንም ሥራ የመውጫ ሰዓት ያዛባል።

2. ሞባይል ፌዙን ማዘጋጀት

ሞባይል ፌዝ የምንለው ናሙናውን ይዞ በኮለሙ ውስጥ የሚያልፈውን ፈሳሽ ነው። ውኃው 18.2 ሜጋ ኦም ንጽህና ያለው፣ በዕለቱ የተቀዳ ይሁን። በፕላስቲክ ጀሪካን ለቀናት የቆመ ውኃ ንጹሕ ቢመስልም ባክቴሪያ አፍርቷል። ሜታኖሉና አሴቶናይትራይሉ ለኤችፒኤልሲ ተብሎ የተዘጋጀው ደረጃ ይሁን።

ባፈሩን (ፒኤቹን የሚያጸናውን የጨው ውኃ) መጀመሪያ በውኃ ብቻ ሥሩ፤ ፒኤቹን ለኩ፤ ኦርጋኒኩን (ሜታኖሉን ወይም አሴቶናይትራይሉን) የምትቀላቅሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሜታኖል ከገባ በኋላ የሚነበብ ፒኤች ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጥም። ጨው ቢሟሟም ያልታዩ ቅንጣቶች ይኖሩታልና በ0.45 ማይክሮን ሜምብሬን አጣሩት፤ ቅንጣቱ ከ3 ማይክሮን በታች ለሆነ ኮለም 0.2 ማይክሮን ያስፈልጋል። የሜምብሬኑን ዓይነት አስተውሉ። ሴሉሎስ አሲቴት ለውኃ ነው፤ አሴቶናይትራይል ያሟሟዋል፤ የሟሟውም ወደ ጠርሙሳችሁ ይገባል። ለኦርጋኒኩ ናይለን ወይም ፒቲኤፍኢ ተጠቀሙ። ከዚያ በሶኒኬተር ወይም በቫኩም አየሩን አስወጡ።

አዲስ ዘዴ ስትጀምሩ የምመክረው አንድ ፈተና አለ፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። በንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባፈሩን በሩጫው ውስጥ ከሚደርስበት ከፍተኛ የኦርጋኒክ መጠን ጋር ቀላቅሉ። ቱቦውን ከጥቁር ወረቀት ፊት ያዙትና በጎን ብርሃን ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ ትንሽ ቆይቶ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካሳየ፣ ወይም በማግሥቱ ቱቦው ሥር ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ፣ ያው ዱቄት በፓምፑና በፍሪቱ ላይ ሊቀመጥ ነበር ማለት ነው። የፖታሲየም ፎስፌት ባፈር ከአሴቶናይትራይል ጋር በተለይ ይጣላል። ኦርጋኒኩ ከ70 በመቶ በላይ በሚደርስበት ግሬዲየንት (በሩጫው መሐል የኦርጋኒኩ መጠን እየጨመረ በሚሄድበት አሠራር) ላይ የፎስፌቱን መጠን ዝቅ ማድረግ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ለዝቅተኛውም ቢሆን ፈተናውን አትዝለሉ።

የትናንቱ ባፈር ላይ የዛሬውን አትጨምሩ። ጠርሙሱ ሲጎድል መሙላት ሥራ የሚያቀል ይመስላል፤ ነገር ግን የቆየው ባፈር ውስጥ ያደገው ባክቴሪያና ሻጋታ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ባፈሩን ድፉት፣ ጠርሙሱን እጠቡት፣ አዲስ ሙሉበት። ለሁለት ቀን ካስፈለገ በማቀዝቀዣ አስቀምጣችሁ እንደገና አጣሩት።

3. ኮለሙን መግጠም

አስቀድሞ ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ። ከእናንተ በፊት የሠራው ሰው ባፈር ትቶ ከሄደና እናንተ በአሴቶናይትራይል የታሸገ ኮለም ብትገጥሙ፣ ጨዉ የሚረግፈው በኮለሙ ራስ ላይ ነው። ስለዚህ በኮለሙ ቦታ ዩኒየን (ሁለቱን ቱቦዎች በቀጥታ የሚያገናኝ መገጣጠሚያ) ግጠሙና መስመሩን መጀመሪያ በውኃ፣ ቀጥሎ በውኃና ሜታኖል እኩል ድብልቅ እጠቡ። ማሽኑ ሄክሴን ሲሠራበት ከነበረ ደግሞ ሄክሴንና ውኃ ስለማይዋሃዱ በመካከል አይሶፕሮፓኖል ይለፍ።

1. ፓምፑን አቁሙ፤ ግፊቱ ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ።
2. በኮለሙ ላይ ያለውን የፍሰት ቀስት አይታችሁ መግቢያውን ብቻ ከኢንጀክተሩ መስመር ጋር አገናኙ። መውጫው ቢከር ላይ ይሁን እንጂ ከዲቴክተሩ ጋር ገና አይገናኝ።
3. ፍሰቱን በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር ጀምሩ። በየደቂቃው ወይም በየሁለት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ 1 ሚሊ ሊትር አድርሱ።
4. የአየር አረፋና ከአዲስ ኮለም የሚወጣ ብናኝ በቢከሩ ይውጣ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።
5. ፓምፑን አቁማችሁ መውጫውን ከዲቴክተሩ ጋር አገናኙ፤ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ለስላሳ ወረቀት ነካ ነካ አድርጋችሁ የሚያንጠባጥብ እንዳለ ፈትሹ።

መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ኮለሙን የሚወቅስበት ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ያለ ነውና። ቀጭኑ ቱቦ ወደ ኮለሙ ራስ ገብቶ ከታችኛው ወለል ጋር ሙሉ በሙሉ መነካት አለበት። ፌረል የምንለው ትንሹ ሾጣጣ ቀለበት የብረት ከሆነ አንድ ጊዜ ቱቦው ላይ ከተጨመቀ ወዲያ አይንቀሳቀስም፤ ከፌረሉ አልፎ የሚወጣው የቱቦው ጫፍ ርዝመትም እዚያው ይቀራል። የኮለም አምራቾች የቀዳዳ ጥልቀት ግን እኩል አይደለም። በአንዱ ኮለም ላይ የተጨመቀው ጫፍ ሌላው ላይ ሲገባ ከአጠረ ከፊቱ ባዶ ክፍተት ይቀራል። ናሙናው እዚያ ክፍተት ውስጥ ይዞርና ይበተናል፤ ፒኩ (በክሮማቶግራሙ ላይ ንጥረ ነገሩ ሲወጣ የሚታየው ጉብታ) ይሰፋል፣ ጭራም ያወጣል። ከረዘመ ደግሞ ፌረሉ አይገጥምም፤ ያፈሳል። ኮለም በየጊዜው የምትቀያይሩ ከሆነ ፒክ (PEEK) ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራውን፣ በእጅ የሚጠበቀውን ፊቲንግ ተጠቀሙ፦ ዳዶውን አላሉት፣ ቱቦውን እስከ ወለሉ ግፉት፣ በዚያው እንደ ያዛችሁት ዳዶውን በጣት አጥብቁት። ግፊት እያለ መፍቻ ይዞ ማጥበቅ ክሩን ይበላል። የቧንቧ ሠራተኞች ነጭ ቴፕም እዚህ ቦታ የለውም፤ የሚዘጋው ሾጣጣው እንጂ ክሩ አይደለም።

ጋርድ ኮለም (ቆሻሻውን ቀድሞ የሚይዝ አጭር ኮለም) ካላችሁ ከዋናው ፊት አስቀድሙት። ውስጡ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ዋጋው ከዋናው ኮለም በብዙ ያነሰ ስለሆነ፣ ለግዢ ስትጠይቁ ኮለሙን ብቻ ሳይሆን የጋርድ ካርትሪጆቹንም አብራችሁ ጠይቁ።

4. ሚዛን እስኪይዝ መጠበቅ

ስለ እጥበትም ስለ ዝግጅትም ስናወራ በኮለም ይዞታ መቁጠር ይጠቅማል። ባለ 250 በ4.6ቱ ኮለም ውስጥ ፈሳሽ የሚይዘው ክፍት ቦታ 2.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 150ው 1.5 ሚሊ ሊትር። አሥር ይዞታ ማሳለፍ ማለት ለመጀመሪያው 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ሲሄድ 25 ደቂቃ።

ኮለሙ የተቀመጠው በንጹሕ ኦርጋኒክ ከሆነ በቀጥታ ወደ ባፈር አትሂዱ። መጀመሪያ ባፈር የሌለበትን፣ ግን በተመሳሳይ መጠን የተቀላቀለውን የውኃና የኦርጋኒክ ድብልቅ አሥር ይዞታ ያህል አሳልፉ፤ ከዚያ ሞባይል ፌዙን። ቤዝላይኑ (ፒክ በሌለበት የሚታየው መስመር) ቀጥ ካለ፣ ግፊቱ ከረጋና በተከታታይ የተወጋ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) በአንድ ዓይነት ሰዓት ከወጣ ኮለሙ ዝግጁ ነው። አዮን ፔር ከሆነ ከዚህ በብዙ ይረዝማል፤ ሌሊቱን በዝግታ ማሳለፍ ያስፈልግ ይሆናል።

ተራ ሲ18ን በመቶ ፐርሰንት ውኃ ወይም ባፈር አታሂዱት። ሰንሰለቶቹ ውኃ ስለሚጠሉ ውኃው ከቅንጣቱ ቀዳዳ ይወጣል፤ በተለይ ፓምፑ ቆሞ እንደገና ሲነሣ ንጥረ ነገሮቹ ሳይያዙ ቀድመው ይወጣሉ። ቢያንስ 5 በመቶ ኦርጋኒክ ይኑረው። ይህ ደርሶበት ከሆነ ኮለሙ አልሞተም፤ ቢያንስ እኩል በእኩል የሆነ የሜታኖልና ውኃ ድብልቅ ሲያልፍበት ይመለሳል።

5. ናሙናው

የመድኃኒት እንክብል ስትፈጩ የምታገኙት መድኃኒቱን ብቻ አይደለም። ስታርች፣ ማግኒዚየም ስቴሬት፣ ታልክ፣ ከሽፋኑ ደግሞ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አብሮ አለ። እነዚህ አይሟሙም፤ በሶኒኬተር ሲናወጡ ደቀው ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በሴንትሪፊዩጅ ወይም በወረቀት፣ ቀጥሎ በ0.45 ማይክሮን ሲሪንጅ ፊልተር አጣሩ። ፊልተሩ ራሱ ከመድኃኒቱ ጥቂት ሊይዝ ስለሚችል የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ድፉና ቀጣዩን ወደ ቫያሉ ውሰዱ። ሲሪንጅ ፊልተር በጠፋበት ሰሞን አንዱን ፊልተር እያጠቡ መደጋገም ይታያል። ይህ ናሙናን ከናሙና ይቀላቅላል፣ ሜምብሬኑንም ይቀድዳል፤ በፊልተር ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በኮለም ላይ ይወጣል።

ናሙናውን የምታሟሙበት ፈሳሽ ሞባይል ፌዙ ራሱ ቢሆን ይመረጣል። 20 ማይክሮ ሊትር ንጹሕ ሜታኖል ውኃ ወደሚበዛበት ሞባይል ፌዝ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ፒኮች ይሰፋሉ ወይም ለሁለት ይከፈላሉ፤ ያየ ሰውም ኮለሙ ተሰነጠቀ ብሎ ይደነግጣል።

ቡና፣ በርበሬ፣ ደም ወይም የዕፅዋት ጭማቂ የምትሠሩ ከሆነ ማጣራት ብቻውን አይበቃም። ቀለሙና ቅባቱ በፊልተሩ አልፎ ሲ18 ላይ ይለጠፋል። የኤስፒኢ ካርትሪጅ (ናሙናውን ቀድሞ የሚያጠራ ትንሽ ማጣሪያ) መጠቀም ወይም ፕሮቲኑን አስቀድሞ ማርገፍ፣ ከተከታታይ ናሙናዎች በኋላም ከፍ ባለ ኦርጋኒክ ማጠብ የግድ ነው።

6. በሥራ ላይ፦ ዓይን ከግፊቱ አይነሣ

በአንድ ዓይነት ሞባይል ፌዝ፣ ፍሰትና ሙቀት የሚነበበውን ግፊት በየማለዳው መዝግቡ። ቁጥሩ ከኮለም ኮለም ይለያያል፤ የሚያስፈልጋችሁ የእናንተው ኮለም ጤነኛ ሳለ ያሳየው ነው። ከዚያ በላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ቆሻሻ እየተጠራቀመ ነው፤ በድንገት ሲዘል ጨው ወይም የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ሲወርድ መፍሰስ ወይም በፓምፑ ውስጥ አየር ነው። በማሽኑ ላይ የግፊት ጣሪያ አስቀምጡ፤ ኮለሙ ከሚችለው ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከተለመደው ከፍ አድርጋችሁ። በዚህ ሲደናቀፍ ፓምፑ ራሱ ይቆማል።

አንድ የሚያስደነግጥ፣ ግን ጤነኛ የሆነ ነገር ልጠቁም። ውኃና ሜታኖል ሲቀላቀሉ ከሁለቱም የወፈረ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ እኩል በሚሆኑበት አካባቢ ግፊቱ የንጹሕ ውኃውን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ከውኃ ወደ ሜታኖል ስትሻገሩ ግፊቱ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ፍሰቱን 0.5 አድርጋችሁ ካሻገራችሁት ምንም አይደርስበትም።

የኮለም ማሞቂያ ካለ 30 ወይም 35 ዲግሪ ላይ አጽኑት። የቀንና የሌሊት ሙቀት በሚለያይበት ክፍል የመውጫ ሰዓት የሚዋዥቀው በዚህ ነው። ፒኤቹ ወደ 7 ወይም 8 የሚጠጋ ፎስፌት ከሆነ ግን ከ40 ዲግሪ አትለፉ፤ ሙቀትና ፎስፌት ተባብረው ሲሊካውን ያሟሙታል።

7. መብራት ሲጠፋ

ዩፒኤስ ካላችሁ መብራት እንደጠፋ ናሙና ማስወጋቱን አቁሙ፤ የቀረውን የባትሪ ጊዜ በሙሉ ለእጥበት አውሉት፦ ባፈር የሌለውን ድብልቅ። ባትሪው ስድስትና ሰባት ናሙና ያስጨርሳል ብሎ መቀጠል ባፈሩን ኮለሙ ውስጥ ዘግቶ መተው ነው።

ዩፒኤስ ከሌለ አትደናገጡ። ኮለሙ ውስጥ ያለው ባፈር ከኦርጋኒኩ ጋር በትክክል የተቀላቀለ ስለሆነ ወዲያው አይረግፍም፤ ጨው የሚሠራው ፈሳሹ ሲተንን ወይም ከብዙ ኦርጋኒክ ጋር ሲገናኝ ነው። ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቁ፤ መገጣጠሚያ እንዳትፈቱ። ለአንድ ሁለት ሰዓት ከሆነ እንዳለ ይቆይ። እስከ ማግሥቱ የሚያድር ከመሰላችሁ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ኮለሙን አውጡ፣ ሁለቱንም ጫፍ በመክደኛው ዝጉ። መብራቱ ሲመለስ የኮለም ማሞቂያው እንደቀዘቀዘ አስታውሱ፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወፍራም ነው፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ከ0.2 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ፣ ባፈር በሌለው ድብልቅ አጥባችሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሱ። ስታንዳርዱም እንደገና ይወጋ።

8. የማታው እጥበት

የዕለቱ ናሙና ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ሞባይል ፌዛችሁ 60 እጅ ፎስፌት ባፈር፣ 40 እጅ ሜታኖል ነበር እንበል።

1. የባፈሩን መምጠጫ ወደ ንጹሕ ውኃ አዙሩና 60 በመቶ ውኃ፣ 40 በመቶ ሜታኖል ለ25 እስከ 40 ደቂቃ በ1 ሚሊ ሊትር ይሂድ። ጨው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።
2. ሜታኖሉን ቀስ በቀስ ወደ 80 ወይም 90 በመቶ ከፍ አድርጉ፤ ለሌላ 20 እስከ 30 ደቂቃ። ከናሙናው የተለጠፈው ቅባት በዚህ ይወጣል።
3. በማስቀመጫው ፈሳሽ ጨርሱ፤ አሥር ይዞታ።

ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እጥበቱ ራሱ መርዝ ነው። ከባፈር በቀጥታ ወደ መቶ ፐርሰንት አሴቶናይትራይል የዞረ ኮለም በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ፤ የፎስፌቱ ጨው በፍሪቱ ላይ ረግፏል። ይህ ከደረሰ ወዲያው አቁሙ። ኮለሙን ከዲቴክተሩ ለዩ፣ 95 ውኃና 5 ሜታኖል በ0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሊትር ለሰዓታት አሳልፉ። ጨዉ ውኃ ሲያገኝ ስለሚሟሟ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግፊት ጨምሮ በኃይል ለማስወጣት የሞከረ ግን የታሸገውን ቅንጣት ይሰነጥቃል።

ኮለሙ ብቻም አይደለም። ባፈር በፓምፑ ፒስተን ኋላ ሲደርቅ ክሪስታሉ ሲል የሚባለውን የፒስተኑን ማሸጊያ ቀለበት ይቆርጣል። ማሽናችሁ የፒስተን እጥበት መስመር ካለው 10 በመቶ አይሶፕሮፓኖል በውኃ ሙሉበት። የወጣው አሴቶናይትራይልና ሜታኖል ወደ ሲንክ ሳይሆን ወደ ኬሚካል ማጠራቀሚያው ይሂድ።

ማሽኑ እስከ ሌሊት ሲሠራ ከቆየና ነገም በዚያው ዘዴ የምትቀጥሉ ከሆነ ፓምፑን ከማቆም በ0.1 ሚሊ ሊትር ማሳደር ይቻላል፤ ጠርሙሱ እስከ ጠዋት እንደሚበቃ አስሉ።

9. ማስቀመጥ

ከሁለት ቀን በላይ የሚቀመጥ ኮለም ቢያንስ ግማሹ አሴቶናይትራይል ወይም ሜታኖል በሆነ ፈሳሽ ይሞላ፤ የአምራቹ መመሪያ የተለየ ካለ እሱ ይቅደም። ሁለቱን ጫፎች አጥብቃችሁ ክደኑ፤ መክደኛው የጠፋ ኮለም ይደርቃል፣ የደረቀ ኮለም ውስጡ ይሰነጣጠቃል። ካርቶኑ ላይ በምን ፈሳሽ እንደተቀመጠና ቀኑን ጻፉ። ከጠረጴዛ የማይወድቅበት፣ ፀሐይ የማያገኘው መሳቢያ ይበቃዋል።

10. ሲታመም

በመጀመሪያ ጥፋተኛው ኮለሙ መሆኑን አረጋግጡ። ግፊት ከበዛ ከዲቴክተሩ በኩል ጀምራችሁ ወደ ፓምፑ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በተራ ፍቱ፤ በየጊዜው ፓምፑን አቁማችሁ፣ እንደገና በትንሽ ፍሰት አስነሥታችሁ። የትኛው ሲፈታ ግፊቱ እንደወረደ እዩ፤ የተዘጋው ከዚያ መገጣጠሚያ ቀጥሎ፣ ወደ ዲቴክተሩ በኩል ያለው ክፍል ነው። ጋርድ ኮለሙ ከሆነ ካርትሪጁን መቀየር ብቻ ነው።

ሁሉም ፒኮች አንድ ላይ ጭራ ካወጡ ወይም ለሁለት ከተከፈሉ ፍሪቱ ተደፍኗል፣ ወይም በኮለሙ ራስ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ወይም ቱቦው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ወለል ጋር አልተነካካም። ቤዝ የሆኑት ንጥረ ነገሮች ብቻ ጭራ ካወጡ ግን የተራቆተ ሲሊካ ይዟቸዋል፤ ሰንሰለቱ እያለቀ ነው፣ ወይም የባፈሩ ፒኤች ልክ አይደለም። የመውጫ ሰዓት ብቻ ከተንሸራተተ ከኮለሙ በፊት ሞባይል ፌዙን፣ ሙቀቱንና የፓምፑን ፍሰት መርምሩ።

የኮለሙን ብቃት በቁጥር ተከታተሉ። ፒኩ የወጣበትን ሰዓት በግማሽ ከፍታው ላይ ባለው ስፋት አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ በ5.54 ምቱት፤ የፕሌት ቁጥር ይሰጣችኋል። ፒኩ በ6.0 ደቂቃ ወጥቶ ስፋቱ 0.12 ደቂቃ ከሆነ 13,850 ይሆናል። ከወራት በኋላ በዚያው ሰዓት ወጥቶ ስፋቱ 0.18 ከሆነ ወደ 6,160 ወርዷል። በዓይን ሲታይ ፒኩ ትንሽ የሰፋ ብቻ ይመስላል፤ ኮለሙ ግን ከብቃቱ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ይህን ስሌት ማሽኑ ራሱ ያወጣዋል፤ እናንተ በየሳምንቱ በመዝገቡ ላይ አስፍሩት።

ለጥልቅ እጥበት ኮለሙን ከዲቴክተሩ ለዩና መውጫውን ቢከር ላይ አድርጉ። ባፈር ከነበረ በ95 ውኃና 5 ሜታኖል፣ ቀጥሎ ሜታኖል፣ ቀጥሎ አሴቶናይትራይል፣ ቀጥሎ አይሶፕሮፓኖል፤ እያንዳንዱ 25 ሚሊ ሊትር። አይሶፕሮፓኖል ወፍራም ስለሆነ ፍሰቱ 0.3 ይሁን፤ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚያ በአሴቶናይትራይል፣ ቀጥሎም ባፈር በሌለው ድብልቅ በኩል ተመልሳችሁ ወደ ሞባይል ፌዛችሁ። ፍሪቱ ተደፍኖ ከሆነ ኮለሙን ገልብጦ በዝቅተኛ ፍሰት ማጠብ ይረዳል፤ አምራቹ መፍቀዱን መጀመሪያ እዩ፤ ሲገለበጥም ከዲቴክተሩ ጋር በፍጹም አይገናኝ። ጫፉን ፈትቶ ፍሪት መቀየርን አልመክርም፤ ዛሬ የሚሠሩት ኮለሞች እንዲከፈቱ አልተሠሩም፤ አንዴ የፈሰሰ ቅንጣትም በእጅ ተመልሶ አይታሸግም።

11. ጡረታ

በብዙ የመድኃኒት ምርመራ ዘዴዎች የጭራ መጠን ከ2.0 እንዳይበልጥ፣ የፕሌት ቁጥር ከ2,000 እንዳያንስ፣ የተደጋገመ ስታንዳርድ ልዩነትም ከ2.0 በመቶ እንዳያልፍ ይጠየቃል፤ የእናንተ ዘዴ የሚለውን ተከተሉ። ታጥቦም፣ ጋርዱ ተቀይሮም፣ መገጣጠሚያው ተፈትሾም ይህን ያላለፈ ኮለም ውጤት ሊሰጥ አይገባም። ሰው የሚውጠው መድኃኒት በዚህ ፒክ ነው ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው። በደንብ የተያዘ ኮለም ከሺህ በላይ ኢንጀክሽን ሊሠራ ስለሚችል፣ በመቶዎች ላይ የቆመ ካለ መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጣችሁ ግፊቱ መውጣት የጀመረበትን ቀን ፈልጉ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፏል።

ጡረታ የወጣውን አትጣሉት። ተማሪዎች መግጠምና ማጠብ ይማሩበታል፤ አዲስ ናሙና ንጹሕ ኮለም ላይ ከመውጣቱ በፊትም ይሞከርበታል። ብቻ በቀይ ቀለም «ለልምምድ» ብላችሁ ጻፉበትና ከሚሠሩት ኮለሞች መሳቢያ ለይታችሁ አስቀምጡት።